ወንድሜ ከመቃብሩ የሰማው

አባቴ ዳባት ውስጥ የድጓ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸው ስለነበር እኛ ልጆቻቸውም አባባ ማለት ሳንለምድ የኔታ እያልን አደግን። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ነው። ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የምሰማው የተማሪዎቹን ዜማ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከእነሱ ጋር ተምሮ ዲያቆን ሆነ፤ ኋላም የአባታችን ረዳት ሆኖ ጀማሪዎቹን ያስጠና ጀመር። ድምፁ ከየኔታ ይበልጣል የሚሉ ነበሩ። እሱ ግን እንዲህ ሲባል ከሰማ ይቆጣል። እኔ በዘመናዊው ትምህርት ገፍቼ ደባርቅ አስተማሪ ሆንኩ።

የኔታ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ቢሆንም ጾም አይፈቱም፤ ሐኪም የነገራቸውንም «ለእናንተ ይሁን» ብለው ያልፉታል። አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፋችን ላይ ወደቁ። ትንፋሻቸው አልሰማ አለ። ጎረቤቱ ተንጫጫ፣ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን መድቃት ጀመረች። የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ ሮጣ ደርሳ ስኳር በጣቷ እየነካች ድዳቸውን ብታሽላቸው ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?» አሉ።

ይህን ነገር ለዓመታት እንደ ቀልድ ስናወራው ኖርን። ወንድሜ ግን ሲስቅበት አይቼው አላውቅም።

የኋለኛው ሞታቸው ሰኔ ላይ ነበር። እኔ ደባርቅ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። መንገዱ ሩቅ ባይሆንም ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከዚያም ዝናብ ሲይዘን፣ ስደርስ አፈር እየመለሱባቸው ነበር። ጠዋት ከመቀመጫቸው ተንሸራተው ወድቀው፣ እንደ አገራችን ልማድ በዚያው ቀን ተገንዘው ተቀበሩ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ሰዉ ቸኩሏል። ፊታቸውን ሳላየው ቀረሁ።

ወንድሜ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። በሠልስታቸው ዕለት ከለቀስተኛው መሃል በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«እህት ዓለም፣ የኔታን ማን አየልን?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሐኪም አላያቸውም። ያን ጊዜም ሞቱ ብለን አልቅሰን ነበር። ተሸክሜያቸው ስሄድ ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላወስ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ።»

«መሬቱ ጭቃ ነበር። እየተንሸራተታችሁ ነው የሄዳችሁት።»

«እሱን ለራሴም ብዬው ነበር» አለና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

መጀመሪያ ኀዘን ነው ብለን ተውነው። ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ዘንድ ይቀመጣል፤ ይቀመጥ አልን። ከዚያ ግን ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ከአፈሩ ላይ ማሳረፍ ጀመረ። ተማሪዎቹን እያስጠና ሳለ በመሃል እጁን አንሥቶ ዝም ያሰኛቸዋል፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። «ሰማችሁ? ይንኳኳል» ይላቸዋል። ጥቂት ሳምንት እንዲህ እንደ ቆየ ከተማሪዎቹ አንዱ እኔም ሰማሁ አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ ወዲያ አንድ በአንድ ጓዛቸውን እየያዙ ወደ ሌላ መምህር መሄድ ጀመሩ። እናቴ በመቃብሩ በኩል ያለውን መስኮት ዘግታ በጆንያ ወተፈችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስጠይቃቸው የማገኘው ቤት ጨለማ ነው፤ የሚነጋገርም የለም።

በአንድ የገበያ ቅዳሜ እናቴ ቤት ሳለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰዉ ሁሉ ገበያ ወጥቶ ሳለ፣ አንዲት ጎረቤት እየሮጠች መጥታ «ወንድምሽን ድረሽለት» አለችኝ። ስደርስ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቷል። ሳጥኑ ላይ ደርሶ ክዳኑን በአካፋ ፈልቅቆታል። ሽታው አፌን በነጠላ አስያዘኝ። ላለማየት ብፈልግም አየሁ። መግነዙ ቀለሙን ቀይሯል፣ ሥጋቸውም ከውስጡ ሟሽሿል፤ ግን ከእግር እስከ ራስ እንደ ተጠቀለለ ነው፣ የታሰረበት ክርም ቦታውን አልለቀቀም። በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ደስታ የሚመስል ነገር ተሰማኝ። አበቃ፣ አሁን ያምናል ብዬ አሰብኩ።

«ተመልከት» አልኩት። «መግነዙ አልተፈታም። ነቅተው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይቆይ ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ እብደት አልነበረም፤ ልጅ ሳለሁ ፊደል ሲያስጠናኝ የነበረው ያው ፊት ነው።

«የታሰረ ሰው በምን እጁ ይፈታዋል?» አለኝ።

 

ሰዎች ደርሰው አወጡት። እጁን የኋሊት ሲያስሩት ነው የጮኸው፤ ከዚያ በፊት ድምፁን አላሰማም። «ስደቡኝ፣ ምቱኝ፣ ብቻ አትሰሩኝ» ይል ነበር። የንስሐ አባታችን፣ የየኔታ የልጅነት ጓደኛ የሆኑት ሽማግሌ ቄስ፣ ጸሎት አድርሰው መቃብሩን መልሰው አስደፈኑት። ሲጨርሱ ዳር ሄደው አለቀሱ።

በማግስቱ በደባርቅ አድርገን ሊማሊሞን ወርደን፣ አዲ አርቃይ ሳንደርስ ካለ ጠበል ወሰድነው። እዚያ ሕመሙ የተነሣበት ሰው በሰንሰለት ከግንድ ጋር ይታሰራል። ጠባቂዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሌላ መንገድ ስለሌላቸው ነው። እናቴና እኔ ትተነው ስንመለስ መኪናው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ እያቃሰተ ይወጣል። እናቴ ገደሉን እያየች ነበር።

«ልጄ» አለችኝ። «ከመገነዛቸው በፊት እግራቸውን ይዤ ነበር። ይሞቅ ነበር።»

«እሳት ቅርብ ነበር ብላችሁኛል፣ ቤቱም በሰው ተጨናንቆ ነበር» አልኳት። «የሞተ ሰው ገላ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ቢጠየቅ ሐኪምም ይህንኑ ነው የሚለው።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለእሱ እንዳትነግሪው።»

አልነገርኩትም። የነገርኳት ሁሉ እውነት ነው፤ አስተማሪ ነኝ፣ ይህን አላጣውም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ያ የሞቀ እግር ይመጣብኛል፤ እጄ ይቆማል፤ ልጆቹ ቲቸር፣ ቲቸር ሲሉኝ ነው የምባንነው።

ወንድሜ በጠበሉ ቦታ ከስቶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ፣ ያው ነገር በአፉ እንዳለ ቆየ። በመጨረሻ ራሳቸው የንስሐ አባታችን «ጸሎቱንም እናድርስ፣ ሐኪምም ይየው» አሉንና ጎንደር ወሰድነው። ያየው ሐኪም ወጣት ነው። የወንድሜን ንግግር ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። መርፌ ተወጋ፣ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘለት። ለውጡ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ እንቅልፍ ተኛ፤ ከዚያ ምግብ ጠየቀ። በጥምቀት ከታቦቱ ፊት ሲያሸበሽብ አየሁት። ጥቂት ተማሪዎችም ተመለሱ፣ እናቴም መስኮቱን ከፈተች።

«አሁንስ ትሰማለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እሰማለሁ» አለኝ። «ግን ሩቅ ነው። የሌላ ሰው ቤት የሚንኳኳ ይመስለኛል።»

ይህ ለእኔ ይበቃኝ ነበር። እንደዚህ ሆኖ ቢያረጅ ሌላ የምለምነው ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ተኩስ አለ ይባላል፤ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ጎንደር መድረስ ቀረ። የደባርቅንና የዳባትን ፋርማሲዎች ዞርኩ፤ የእሱን ክኒን የያዘ አልነበረም። የቀረችውን በምላጭ ለሁለት እየከፈለ ዋጣት፣ ኋላም ለአራት። የመጨረሻዋ ባለቀች ሰሞን ሄጄ ሳየው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«እየቀረበ ነው» አለኝ።

በዚህኛው ዙር ስለ የኔታ መናገሩን ተወ። ፍርሃቱ ወደ ራሱ ዞረ። አልተኛም አለ። «የተኛን ሰው ሞተ ይሉታል» ይላል። ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱ ሲያዘነብል ደንግጦ ይነሣል። ወሩ ኅዳር ነበር፤ የዳባት ውርጭ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። እናቴ ጋቢ ትደርብለታለች፣ እሱ ይጥለዋል፤ ሙቀት እንቅልፍ ያመጣል ብሎ። አንድ ከሰዓት አጠገቡ ስቀመጥ እጄን ያዘኝ።

«ሐኪም ሳያየኝ እንዳትቀብሩኝ» አለኝ። «በዚያው ቀንም አይሁን። እጄንም አታሳስሪኝ።»

«አትሞትም።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ማልኩለት።

ሳሉ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ደረቱ ሲዘጋ ጤና ጣቢያ አስተኙት፤ ያላቸውን ሰጡት። ተሻለኝ ብሎ ወደ ቤት ተመለሰ፤ መልሶ ደጅ ወጣ። አንድ ጠዋት እናቴ አጥሚት ይዛለት ስትወጣ ድንጋዩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር። ደግፋ ስትይዘው ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሦስተኛ አልመጣም።

በዚያ ቀን ሚኒባስ ስለነበር ቶሎ ደረስኩ። ድንኳን ተተክሏል፣ ጉድጓድ የሚቆፍሩትም ወጥተዋል። ቁፋሮው እንዲቆም ጠየቅኩ። የእድሩ ሰዎች ተቆጡ። የንስሐ አባታችን ወደ ዳር ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ሕዝቡ ከሩቅ መጥቷል። ሬሳ ማሳደር ለእናትሽም ይከብዳል» አሉኝ።

«አባ፣ ምዬለታለሁ። እርስዎም ያውቁታል የሚፈራውን። ነገ ይሁን።»

አባ ወደ ሰዎቹ ሄደው፣ «ነገ ነው» አሏቸውና ተቀመጡ። ከጤና ጣቢያ አንድ ሐኪም ለምኜ አመጣሁ። ደረቱን አዳመጠ። «ድገመው» አልኩት፤ ሳይሰለች ደገመው። «አርፏል» አለኝ። እኔም እስኪመሽ እጁን ይዤ ዋልኩ። ቀዘቀዘ፣ ደረቀ። በእሱ ሞት ጥርጥር የለኝም።

በማግስቱ ሲገንዙት አባ አውራ ጣቶቹ የሚታሰሩበትን ክር አነሡ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ክሩን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና እጆቹን እንዲሁ አጣምረው ሸፈኑለት። ከአባታችን አጠገብ ቀበርነው።

ቃሌን ስለ ጠበቅኩ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ለእሱ ያደረግነውን፣ አንድ ቀን መጠበቅን፣ አንድ ሐኪም መጥራትን፣ ለየኔታ አድርገነው ቢሆን ወንድሜ ዛሬ ድጓውን ያስተምር ነበር። ይህን ለማንም አልናገርም። እናቴም እንደምታስበው አውቃለሁ፤ እሷም አትናገርም።

ተማሪዎቹ ተበትነዋል፤ ጉባኤ ቤቱን የሚረከብ መምህር አልተገኘም። ቤቱን ከቆላ ተፈናቅሎ ለመጣ ቤተሰብ ለቀቅንለት። እናቴን ደባርቅ እኔ ዘንድ አመጣኋት። ቀኑን ሙሉ ከአልጋዋ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ ምሳ ሳቀርብላት ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትገፋዋለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠዋት ትቻት በሄድኩበት ቦታ አገኛታለሁ። «ዋልሽ?» ስላት «ዋልኩ» ትለኛለች።