ምድጃ ያልኩት ላፕቶፕ

ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ያናግረኛል። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ነጂው ከል መልበሴን አይቶ ሙዚቃውን ይቀንሳል። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት አንድ ሁለት ራስ ትጨምርልኝና ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ደግነት መሆኑን አውቃለሁ፤ አመሰግናለሁም። ወር በወር ላይ ሲደራረብ ግን፣ ሁሉም እንደ ታመመ ልጅ ሲያባብለኝ፣ ራሴን ማግኘት እያቃተኝ ሄደ።

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤቱ ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና ሱቅ አለው። ድሮ ከሥራ ስወጣ እዚያ ጎራ ማለት ልማዴ ነበር። ሁልጊዜ ሦስት አራት ወጣቶች ተሰብስበው ስለ አዲስ ዕቃ ይከራከራሉ። እኔን «ቲቸር» እያሉ፣ «አንቺ» እያሉ፣ ፊት ለፊት ይሞግቱኝ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ግን ቋንቋቸው ተለወጠ። «እርስዎ» አሉኝ። ስገባ ይነሳሉ፤ ወንበር ያቀርባሉ፤ የምለውን ሁሉ «ልክ ነዎት» ይላሉ። አክብሮት ነው፤ ነገር ግን «አንቺ» የሚለኝ ሰው እንደ ናፈቀኝ ለማን ይነገራል?

የዚያን ቀን ጠዋት ስልኬን ስከፍት ዜናውን አየሁት። ለላፕቶፕና ለታብሌት የሚሆን አዲስ ቺፕ መውጣቱን፣ ካለፈው እጅግ እንደሚፈጥን፣ ባትሪም እንደሚቆጥብ ይናገራል። እንዲህ ያለ ዜና ሳነብ ለባለቤቴ መንገር ልማዴ ነበር። የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ኮምፒውተር ብዙም አይገደውም። ያም ሆኖ እራት ላይ አገጩን በእጁ ደግፎ እስከ መጨረሻው ይሰማኝ ነበር። ያን ጠዋት ስልኩን ይዤ ወደ መኝታ ቤቱ ዞርኩና አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ቀኑን ሙሉ ያ ያልተነገረ ወሬ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ስደርስ ክርክሩ ጦፏል። አንዱ ስልክ ላይ አራት ራስ ተደፍቷል። መግባቴን ያየ አልነበረም።

«በቃ፣ የድሮው ሁሉ ታሪክ ሆነ!» ይላል አንደኛው፣ ረጅሙ።

«ማስታወቂያ ነው ባክህ» ይለዋል የሱቁ ባለቤት። «በየዓመቱ እንዲህ አይደል የሚሉት? እዚህ እስኪደርስ አንተ ትሸብታለህ።»

«ፍጥነቱን ተዉት» አልኩ ከበሩ። «ዋናው ሙቀቱ ነው። ሳይሞቅ መሥራት ከቻለ ነው አዲስ ነገር የሚባለው።»

ረጅሙ ቀና ሳይል «ቲቸር ደግሞ! አንቺ ከወረቀት ላይ ነው የምታወሪው፤ መቼ ነካሽው?» አለኝ።

አንቺ። ማለቱን እሱ ራሱ አላወቀም። እኔ ግን ከወራት በኋላ አንድ ሰው በስሜ የጠራኝ ያህል ተሰማኝ። ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ክርክሩ ውስጥ ገባሁ። ጮህኩ፤ ጮኹብኝ። «ውሸት ነው» አልኩ፤ «አረጀሽ ቲቸር» አሉኝ። በዚህ መሐል ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ብቅ አለ።

«አሰላሙ አለይኩም! ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ ሰፈሩን የምታውኩት?»

«አዲስ ቺፕ ወጥቶ ነው፣ ጋሼ።»

«ቺፕስ? ለድንች ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ጩኸት? መናኸሪያው በር ላይ ትኩስ ትኩሱን እየጠበሱ አይደል፣ ሄዳችሁ ብሉና አሳርፉን!»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እንባዬ እስኪወርድ፣ ዘቅዝቄ የለበስኩት ነጠላ ከትከሻዬ እስኪንሸራተት ድረስ ሳቅሁ። ሳቁ እንዳያልቅብኝ ሳስቼ ነው መሰለኝ ጨመርኩበት።

«ከዛሬ ጀምሮ አሮጌ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ላፕቶፕ አልገዛም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ምድጃ ነው የገዛው! ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቆሎ ይቁላበት!»

አጨበጨቡልኝ። ቀጥሎ ማጨብጨቡ ቆመ። ሁሉም ከኋላዬ ወደ በሩ ያያሉ።

በሩ ላይ የባለቤቴ ታላቅ እህት ቆማለች፤ ከጎኗ ልጇ። ልጅቷ አዲስ ጥቁር የላፕቶፕ ቦርሳ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

እትዬ የምላት ይህች ሴት ገበያ ውስጥ በርበሬ ትነግዳለች። በዚህ ከተማ ከባለቤቴ ወገን የቀረችኝ እሷ ናት። ልጇ በዚያ ዓመት ፈተናዋን አልፋ ጉብሬ አጠገብ ያለው ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር። ባለቤቴ የሞተበት አልጋ ላይ ሆኖ «ካለፍሽ ላፕቶፑ በእኔ ነው» ብሏት ነበር። ሳይገዛላት ሞተ። እትዬ የወንድሟ ቃል መሬት እንዳይወድቅ ብላ መርካቶ ባሉ ዘመዶች በኩል ያገለገለ ላፕቶፕ አስገዝታለች። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ልታሳየኝ መጀመሪያ ቤቴ ሄዳ ነበር። ስታጣኝ ሱቁ መጣች፤ ስለ ዕቃው የማውቀው እኔ ነኛ።

እትዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ለካ ደኅና ነሽ» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

ልጇን በክንዷ ይዛ ተመለሰች። ተከትያት መሮጥ ነበረብኝ፤ አልሮጥኩም። ነጠላዬን አንስቼ መልሼ ዘቀዘቅሁት። የሱቁ ባለቤት ወንበር አቀረበልኝና «ይቀመጡ፣ ቲቸር» አለኝ።

የሚቀጥሉትን ቀናት ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ሆንኩ፤ መንገድ ቀይሬ በጀርባ በኩል። ያፈርኩት በሳቄ ነበር። የባሏ አፈር ሳይደርቅ መንገድ ዳር ከወጣት ጋር ስትንከተከት ተገኘች፣ ይህን ነው እትዬ የምታስበው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቀጥታ ቤቷ ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ዛላ በርበሬ ትቀነጥሳለች። «ግቢ» አለችኝ። ተቀመጥኩና እኔም መቀንጠስ ጀመርኩ። እጄ ሥራ ሲይዝ መናገር ቀለለኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ እትዬ። ከል ለብሼ እንደዚያ መሳቄ...»

«ሳቅሽን ማን ጠየቀሽ?» አቋረጠችኝ። «እኔስ ገበያ ላይ ስስቅ አይደል የምውለው? ደንበኛ ሙሾ ሊሰማ አይመጣ። አንቺ ሳቂ። እሱም ሳቅሽን ይወድ ነበር።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያስከፋሽ?»

እጇን አቆመች። «ምድጃ አልሽው። የወንድሜን ቃል ነው ምድጃ ያልሽው።»

«እንደ ገዛሽ አላወቅሁም እኮ።»

«ባታውቂስ? ልጄ ሰምታለች። እኔ ስለዚህ ዕቃ ምን አውቃለሁ? ‹የአጎትሽ ሚስት አይታ ትመርቅልሻለች› ብዬ ነው ይዣት የመጣሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልከፈተችውም። ጉብሬ ይዛው እንደማትሄድ ከዓይኗ አውቄያለሁ። አንቺ!» ብላ ወደ ቤት ተጣራች። «አምጪው እስቲ!»

«እማ፣ ተይው በቃ» አለች ልጅቷ ከውስጥ።

«አምጪው ብያለሁ!»

አመጣችው። እጄን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ከፈትኩት። አንዳንድ ቁልፎቹ ላይ ፊደሉ ተፍቋል። ለመነሳት ጊዜ ወሰደ፤ ከተነሳም በኋላ ፋኑ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ያረጀ ነው። ግን ለመጻፍም፣ ለማንበብም፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ለሚያስፈልጋት ሁሉ ይሆናል። እውነት ነው።

«ጥሩ ዕቃ ነው» አልኩ። «ለትምህርቷ ይበቃታል።»

ስናገር ድምፄን ሰማሁት። ዝቅ ያለ፣ የተለሳለሰ፣ ዓይን የሚሸሽ። ወራት ሙሉ ሰው ሁሉ እኔን ያናገረበት ድምፅ ነበር። ልጅቷ «እሺ» አለች፤ እኔም እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲሉኝ «አሜን» እንደምለው።

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ የለቅሶ ቤት ወሬ ነው።»

«እውነቴን ነው፣ እትዬ።»

«እውነትሽን ከሆነ እዚያው ሱቅ ሄደሽ ተናገሪው። ያን ጊዜ የሰሙሽ ልጆች ይስሙ። ልጄም ቆማ ትስማ።»

በማግስቱ ከልጅቷ ጋር ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ እነዚያው ወጣቶች ነበሩ። ስንገባ ተነሱ፤ ወንበር መጣ። አልቀመጥም አልኩ። ላፕቶፑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ባለፈው አሮጌ የገዛ ምድጃ ገዛ ብዬ ነበር» አልኩ። «ለጨዋታ ማድመቂያ ያልኩት ነው፤ ስሕተት ነው። አዲሱ ቺፕ ይፈጥናል። ግን ተማሪ የሚጽፈው በጣቱ ፍጥነት ነው። ይሄ ዕቃ ጥሩ ነው፤ የምታውቁትን እናንተም ተናገሩ።»

ረጅሙን አየሁት። እንዲከራከረኝ በልቤ ለመንኩት። «አትሸውጂን፣ ቲቸር» ቢለኝ፣ «ውስጡ ያለው ቺፕ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ እንኳ። እነዚህ ልጆች ላፕቶፕ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ማንም አልጠየቀም።

«ልክ ነዎት፣ ቲቸር» አለ ረጅሙ። «እርስዎ እንዳሉት ነው። በጣም ቆንጆ ዕቃ ነው።»

«በጣም» አሉ ሌሎቹ።

የሱቁ ባለቤት ጨርቅ አንስቶ ስክሪኑን ቀስ ብሎ ወለወለው፤ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ፊት የሚጠርግ ይመስላል። ልጅቷ እነሱንም እኔንም ተራ በተራ አየች። ከዚያ ላፕቶፑን ራሷ ዘጋችው። «አመሰግናለሁ» ብላ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት በደንብ የገባኝ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ «አንቺ» ተብዬ፣ ተሰድቤ፣ ስቄ ነበር። የዚያን ጨዋታ ዋጋ የከፈለችው ግን ይህች ልጅ ናት። አሁን ልክሳት ስሞክር እጄ ላይ የቀረው የሰው ሐዘኔታ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለማንም አይተርፍም።

መንገድ ላይ ትንሽ ከሄድን በኋላ ልጅቷ ቆመች።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንደ ተማሪሽ መልሺልኝ እንጂ እንደ ዘመድ አትመልሺልኝ።»

«ጠይቂ።»

«ይሄ ላፕቶፕ በትክክል ምን ያህል ያገለግለኛል?»

ነገርኳት። ባትሪው ግማሽ ቀን እንደማይቆይ፣ ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሶኬት አጠገብ መቀመጥ እንዳለባት። ብዙ ነገር አንድ ላይ ከከፈተችበት እንደሚያንቀራፍፍ። አቧራውን ካስጠረገች ሙቀቱ እንደሚቀንስ፣ ግን እንደማይጠፋ። የመጨረሻ ዓመት ላይ ምናልባት ሌላ እንደሚያስፈልጋት። ድምፄ የክፍል ድምፅ ነበር፤ ደረቅ። እሷ በእያንዳንዱ ነገር ራሷን ትነቀንቃለች።

«ይሄንን ነበር ማወቅ የፈለግሁት» አለች። «ይዤው እሄዳለሁ።» ጥቂት እርምጃ ሄዳ ዞር አለች። «ለእማ ግን ይሄን አትንገሪያት።»

ቤት ስንደርስ እትዬ እዚያው ሰሌኗ ላይ ነበረች። ገና ከበሩ፣ እኔን ሳይሆን ልጇን ጠየቀች።

«ምን አሉ?»

«አመሰገኑት» አለች ልጅቷ፣ ጫማዋን እያወለቀች። «የሱቁ ባለቤት እንኳ ‹እንዲህ ያለ ጠንካራ ዕቃ አሁን አይገኝም፤ ማን መረጠላችሁ?› አለ።»

ማንም እንዲህ አላለም። እትዬ ወደ እኔ ዞረች፤ ጠበቀች። ልጅቷ አላየችኝም፤ ጫማዋን ጥንድ በጥንድ ታስተካክላለች። ድምፅዋ ውስጥ ማባበል አልነበረም። እንደ ተራ ወሬ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ እኔ ለሁለት ቀን ያቃተኝን።

«አዎ» አልኩ። «እንዲያ ብሏል።»

የእትዬ ፊት ተፈታ። እጇ በርበሬ ስለ ሆነ በክንዷ ግንባሯን ጠረገች።

«ወንድሜ እኮ» አለች፣ «ዝም ብሎ ቃል አይገባም።»

አንገቴን ደፍቼ በርበሬውን መቀንጠስ ያዝኩ። ዓይኔ ሲያነባ እትዬ አየችኝና «በርበሬው ነው፤ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።