ሦስተኛው ኮፒ

ባለፈው ሳምንት የቀድሞ አለቃዬ የአቶ ምትኩ ልጅ ከወልድያ መጥታ ቤቴ ገባች። አባቷ ከሞተ አርባው ሊደርስ ነው።

«እትዬ፣ አባባን በሥራ ከእርስዎ በላይ የሚያውቃቸው የለም። በአርባቸው ቀን ስለ ደግነታቸው ትንሽ ይናገሩልኝ» አለች።

ስታወራ የመኪና ቁልፏን በጣቷ ታሽከረክራለች። ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ወገቤ ቀጥ አለ፤ የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ ፈሰሰ። «ላስብበት» ብዬ ሸኘኋት።

ሰውዬው የመሥሪያ ቤቱን ቁልፎች ቀበቶው ላይ ነበር የሚያንጠለጥለው። ሰቆጣ ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር ገና ልጅ ነበርኩ፤ ጽጽቃ ያሉት እናቴና ታናናሾቼ የሚያድሩት በእኔ ደመወዝ ነበር። ከልጅነቴም ሆደ ባሻ ነኝ፤ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የጎረስኩት ቆሎ እንኳ አይወርድልኝም። የዕለቱን ቁጣ ከቁልፉ ድምፅ መለየት ለመድኩ።

«ይህን የጻፈው እጅ ነው እግር?» ይለኛል፣ ባለጉዳይ ፊት። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ደግሞ «ተዉአት፣ ዝናቧ መጣ» ብሎ ያስቃል።

አንድ ቀን ራሱ ያዘዘውን ደብዳቤ «መቼ አልኩሽ?» ብሎ ቀደደው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ኮፒ ሲያዘኝ ሦስተኛ ካርቦን እጨምር ጀመር። ሦስቱንም ሳያይ ነበር የሚፈርመው፤ ትርፉን ወንበሬ ትራስ ሥር እከታለሁ።

በዚያ ግንቦት የኒሯቅ በኩል ገበሬዎች ዘር እንዲላክላቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፍኩ። ፈረመው፤ ግን መሳቢያው ውስጥ ተወው። ሰኔ ገባ። ሽማግሌው አያ ካሱ ዝናብ ያረጠበው ጋቢያቸውን እየጨመቁ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ፤ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መሬቱ ታርሶ ይጠብቃል። ወረቀቱ የት ደረሰ?»

መሳቢያውን አውቃለሁ። «አላውቅም አባቴ» አልኳቸው።

ሐምሌ ላይ ዘሩ ለምን በጊዜው አልተጠየቀም የሚል ጥያቄ ከበላይ መጣ። አለቃዬ አስጠራኝ።

«‹ረስቼ ሳልጽፈው ቀረሁ› ብለሽ ጻፊና ፈርሚ።»

«ጌታዬ፣ ፈርመውበት ነበር እኮ።»

«ማን አየ?» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «አለዚያ ጽጽቃ ወርደሽ ፍየል ትጠብቂያለሽ።»

ጻፍኩ። ፈረምኩ። ወደ በላይ የሚሄደውን ፖስታ ማሸግ የእኔ ሥራ ነበር። ከትራሱ ሥር ሦስተኛውን ኮፒ፣ ቀኑና ፊርማው ያለበትን፣ ከእምነት ቃሌ ኋላ አስገባሁ። የፖስታው ሙጫ ምላሴ ላይ መረረኝ። መዝገብ ቤት ካስረከብኩ በኋላ ተመልሼ ልቀበል ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ሁለቴም መልሼ ተቀመጥኩ።

አምስት ቀን እህል አልቀመስኩም። በስድስተኛው አስጠሩት። ሲመለስ መምጣቱን አልሰማሁም፤ ቀና ስል ፊቴ ቆሟል። ቀበቶው ባዶ ነው።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ፣ በቀስታ።

«አይደለሁም» አልኩ።

ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሩት፤ እዚያም አለቃ ሆነ ሲሉ ሰማሁ። ዘሩ ሲመጣ ለማሽላው ረፍዶ ነበር። አያ ካሱ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ዘሩ። መሳቢያውን ያኔ ብነግራቸው ኖሮ የሚለው ነገር እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ እሱንም በሰውዬው ሒሳብ እንዳልጽፈው አፍራለሁ።

ልጅቷ የፊታችን እሑድ ለመልሴ ትመጣለች። ሰው ፊት ቆሜ ደግ ነበር አልልም፤ ክፉ ነበር ለማለትም ድምፄ አይወጣም። ስለዚህ ይህን ጽፌ አደባባዩ አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። አባቷ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ እኔ ነበርኩ።

አንዱን ለእሷ እሰጣታለሁ። ሌላውን ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።