አልታዬና የጅዳው ኪኒን

አልታዬ መካነ ሰላም መናኸሪያ መንገደኛ እየጠራ የሚያድር ሰው ነው። አረቄ የተወው፣ ወደ ወረኢሉ ለቀብር የሚሄዱ ለቀስተኞችን ሞቅ ብሎት በተቃራኒው መንገድ በሚሄድ በወግዲ መኪና አሳፍሮ የሸኘ ጊዜ ነው። ሰዎቹ ሲያንቀላፉ ቆይተው ድንኳን ሲያዩ ወረዱና እዬዬ እያሉ ገቡ። የሰርግ ድንኳን ነበር። ሙሽራይቱ ይህን ያህል የሚያለቅስላት ወገን እንዳላት እስከዚያ ቀን አታውቅም።

አልታዬ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ በነፍስ አባቱ በአባ መልአኩ ፊት ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ። ሲጋራው ግን ባሰበት። አገሩም አዘነለት። «ተዉት፣ አረቄውን ያስረሳው እሱ ነው» ይባልለት ጀመር። የመናኸሪያው ባለሱቅ ሃሩንማ ራሱ እየለኮሰ፣ «አብሽር አልታዬ፣ ከመጠጡ ይሻላል» ይለው ነበር።

ከርሞ ሳሉ ጥሪውን ይቆርጥበት ጀመር። ሚስቱ አሰጋሽ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ዶክተር ጸደንያ ደረቱን አዳመጠችና፣

«መጠጥ ከተዉ ሰዎች ብዙዎቹን ኋላ የሚገድላቸው ሲጋራው ነው» አለችው። «አምሮቱን የሚያበርድ ኪኒን አለ። እዚህ አይገኝም እንጂ፣ ካገኙት እየተከታተልኩ እሰጥዎታለሁ።»

መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ፈልጋ ከጅዳ የላከችው ሱሀይላ ናት፤ የባለሱቁ የሃሩን ልጅ። ካርቶኑ ላይ ያለው ዐረብኛ ስለሆነ ሃሩን መነጽሩን አድርጎ አነበበው።

«ምን ይላል?» አለ አልታዬ።

«ደንበኛህን ልታጣ ነው ይላል።»

ኪኒኑ መጀመሪያ አቅለሸለሸው። ምግብ በልቶ ሲውጠው ተሻለው፤ ቀስ በቀስም ሲጋራው አፉ ላይ ገለባ ገለባ ይለው ጀመር። ችግሩ ህልሙ ነበር። በህልሙ አረቄ ይጠጣል፣ ያውም ደህና አድርጎ። ጠዋት ጠዋት «እስኪ አፌን አሽትችኝ» እያለ አሰጋሽን አሰለቻት። በመጨረሻ ጨንቆት አባ መልአኩ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ በህልሜ ጠጣሁ።»

«ገዝተህ ነው ተጋብዘህ?»

«ተጋብዤ።»

«እንግዲያው ጋባዡ ይናዘዝ። ማን ነበር?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባ።»

አባ መልአኩ መስቀላቸውን ቶሎ አሳልመው፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ይህን ለሌላ ሰው አታውራ» ብለው ሸኙት። ጸደንያ ግን ስትሰማ ሳቀች። ህልሙ የኪኒኑ ጠባይ መሆኑን ነግራ መጠኑን ቀነሰችለት።

አልታዬ ማጨስ አቆመ። ያኔ ምስጋናው ባለቤት በዛበት። አሰጋሽ «ጸበሉ ነው» አለች፤ ሃሩን «ወላሂ የእኔ ዱዓ ነው» አለ፤ አባ መልአኩ ስለ ንስሐ ኃይል ሰበኩበት። የመናኸሪያ ጓደኞቹ ደግሞ ደስታቸውን ሊገልጹለት ጠርሙስ አረቄ ይዘው ቤቱ መጡ። አልጠጣም ሲል «ናቀን» ብለው ተቀይመው ሄዱ።

ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ቀን አበሸቀውና ሃሩን ሱቅ ሄዶ፣ «አንድ ፍሬ ስጠኝ» አለ።

«አልሸጥልህም። ሱሀይላ ብትሰማ ስልኬንም አታነሳም።»

«ሌላ ሱቅ የለም መሰለህ?»

«ሞልቷል። ሂድ።»

አልታዬ አልሄደም። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሃሩንን፣ ጓደኞቹን፣ ጅዳንም ሳይቀር ሲራገም ቆየና አምሮቱ አለፈለት። እስካሁን አላጨሰም። ክረምት ሲገባ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም ውል ይለዋል።