ሴት አትነካውም የተባለው መጋዝ

የኒም ዛፉ የወደቀው በጠዋት ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት አጠገቡ የፈነዳ ነገር ሥሩን አናግቶት ኖሮ፣ አቧራ ያዘለ ነፋስ ሲመጣበት እያቃሰተ ተጋደመና በካርቱም ጀሪፍ ሰፈር ያለችውን ጠባብ መንገዳችንን ከአጥር እስከ አጥር ዘጋት። ሰው ስላልነካ አልሐምዱሊላህ አልን።

ያን ጊዜ የምኖረው ከአንዲት አሮጊት ጋር ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ይላታል። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አሥራ አንድ ዓመት በቤት ሠራተኝነት ያገለገልኩት የእህቷን ልጅ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ መዳሜ ቤተሰቧን ይዛ ወደ ግብፅ ወጣች። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ቀኑ ካለፈበት ቆይቷል፣ ፓስፖርትም የለኝ። "አክስቴ አልወጣም ብላለች፤ ሂጂና አብረሻት ሁኚ" አለችኝ። ሄድኩ። ሐጃ በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና "ልታስወጪኝ ከሆነ የመጣሽው ተመለሺ፤ ልትቀመጪ ከሆነ ግቢ" አለችኝ። ገባሁ።

ዛፉ ለመንገደኛው ጣጣ ቢሆንም ለእኛ ሲሳይ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ተኪያ የሚሉትን የጋራ ማዕድ ቤት አቋቁመን በየቀኑ በአንድ ትልቅ ድስት ፉል ወይም ምስር እየቀቀልን ለመንገዱ ሰው ሁሉ እናድል ነበር። ጋዝ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። የምናነደው የተሰበረ በር፣ የአልጋ እግር፣ ያገኘነውን ሁሉ ነው። ኒም ደግሞ ተቆርጦ ከተፈለጠ በዚያ ፀሐይ ሁለት ሳምንት አይፈጅበትም፣ ይደርቃል። ችግሩ መቁረጡ ላይ ነበር። ሁለት ወንዶች በመጥረቢያ ቅርንጫፎቹን አነሱና ግንዱ ጋ ሲደርሱ የመጥረቢያው እጀታ ተሰበረ። በቃ፣ ቆመ።

ሐጃ ነች ያስታወሰችው። "ባሌ የሎሚ ዛፎቹን የሚከረክምበት ሙንሻር ነበረው፤ ባለሞተር መጋዝ" አለች።

ዕቃ ቤት ገብቼ ከተጠቀለሉ ምንጣፎች ሥር አወጣሁት። ትንሽ ነው፣ ለግቢ ሥራ የሚሆን፣ ብርቱካናማ ቀለሙ የደበዘዘ። ክዳኑን ስከፍት ውስጡ የቀረው ቤንዚን ማር መስሎ ረግቷል። ገመዱን ብጎትት ይዞራል፤ ግን ትንፋሽ የለውም።

መንገዱ ጫፍ ላይ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚጠግን ሰው አለ፣ ኡስታ እንለዋለን፤ ባለሙያው እንደማለት ነው። ሰፈሩን ለቆ ያልወጣ ብቸኛው መካኒክ እሱ ነው። ወሰድኩለት። ገመዱን አንዴ ጎተተ፣ አሸተተው፣ ከዚያ ወደ ብረት ክምሩ ገፋው።

"አልቆለታል። ፒስተኑ ተበልቷል። እዚሁ ተዪው፣ ለብረት ይሆነኛል።"

"ሳትከፍተው እንዴት አወቅህ?"

አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። እሱም ሳቀ። "ያ ሐበሺያ፣ ይሄ የልብስ ማጠቢያ አይደለም። ሴት አትነካውም። ሂጂ ድስትሽን አማስዪ።"

ደሜ ፈላ። አባቴ ወሎ ውስጥ የወፍጮ ቤት ሞተር ይሠራ ነበር። ሞተሩን ሲፈታ ኩራዝ እንድይዝለት ይጠራኛል፤ አንድ ብሎን ልንካ ስል ግን "የሴት ልጅ እጅ ግራሶ አይነካውም" ይለኛል። ስንት ዓመት ኩራዝ ይዤ አየሁ! ካርቱም ሁለትም መብራት በጠፋ ቁጥር ትንሿን ጄነሬተር የማስነሳው፣ ካንዴላዋን የምጠርገው፣ ቤንዚኗን ከዘይት የማዋህደው እኔ ነበርኩ። ያን ሁሉ ስሠራ ሴትነቴ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

መጋዙን ከክምሩ ላይ አነሳሁና "ድስቱንም አማስላለሁ፣ ይሄንንም አስነሳለሁ" ብዬ ሄድኩ። ከኋላዬ ሳቁ ቀጠለ።

ግቢው ውስጥ አሮጌ አንሶላ አነጠፍኩ። ሐጃ ወንበሯን አቅርባ ተቀመጠች። የፈታሁትን እያንዳንዱን ብሎን በቅደም ተከተል አንሶላው ላይ እደረድራለሁ፤ ስመልስ ከኋላ ወደ ፊት ነው የምሄደው። ካንዴላውን አውጥቼ ቀዳዳውን በባትሪ አየሁት። የፒስተኑ ግድግዳ አልተጫረም። ኡስታ ዋሽቷል፣ ወይም ማየት አልፈለገም።

የነዳጅ ቱቦው እጄ ላይ እንደ ደረቅ ፓስታ ተሰበረ። ጎረቤት የተጣለ የተቃጠለ ጄነሬተር ነበር፤ ከሱ ላይ ቱቦ ቆርጬ አስገባሁ። ካርቡራተሩን ፈትቼ በንጹሕ ቤንዚን ዘፈዘፍኩትና ቀዳዳዎቹን ከመጥረጊያ ላይ በነቀልኩት ቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ ደርቆ ነበር። የሚተካ ስላልነበረኝ ከዚያው ከተቃጠለው ጄነሬተር ላስቲክ ወስጄ በምላጭ በልኩ ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ጠበበ፣ ሁለተኛው ተቀደደ፣ ሦስተኛው ገጠመ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት በጥላሸት ተደፍና ስለነበር እሳት ላይ አግዬ አራገፍኳት። ለአንድ ሊትር ቤንዚን ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት አዋሕጄ ሞላሁ።

በሦስተኛው ቀን ቢስሚላህ ብዬ ጎተትኩ። ምንም። ደግሜ ጎተትኩ። ትከሻዬ እስኪደክም ጎተትኩ። ከዚያ አንዴ አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ተነሳ። ሐጃ ከወንበሯ ዘላ እልል አለች።

ደስታችን ግን አጭር ነበር። ግንዱ ላይ ባስቀምጠው እንጨቱን ያጨሰዋል እንጂ አይቆርጥም። መንገደኛው ቆሞ እያየ ነበር። ኡስታም ከነሻዩ ብቅ አለ። "አላልኩሽም?" አለ። መጋዙን አጠፋሁት፣ ግንዱ ላይ ቁጭ ብዬ ሰንሰለቱን ጥርስ በጥርስ አየሁት። የተገጠመው ተገልብጦ ነው! የሚቆርጠው አፍ ወደ ኋላ ዞሯል። ማን እንደዚያ እንደገጠመው አላህ ይወቅ፤ ምናልባት የሐጃ ባል ራሱ፣ ነፍሱን ይማረው። ፈትቼ አዞርኩትና እያንዳንዱን ጥርስ በክብ ሞረድ ሦስት ሦስት ጊዜ ሳልኩ። ሰንሰለቱ ዘይት የሚያገኝባት ትንሽ ቀዳዳም በአቧራ ተደፍና ስለነበር በሽቦ ከፈትኳት።

ሲነሳ ግንዱን እንደ ሐብሐብ ገባበት። የእንጨቱ ብናኝ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። ቀና ስል ኡስታ የለም፤ የሻይ ብርጭቆውን አጥር ላይ ትቶ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከዙህር ሰላት በፊት ትንሽ ትንሽ እቆርጣለሁ። የካርቱም አቧራ የአየር ማጣሪያውን በግማሽ ሰዓት ስለሚደፍነው፣ ከፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ዘይት አስነክቼ ከላይ አለበስኩት። ከዚያ ወዲያ አላስቸገረኝም። አንድ ትልቅ ሰውዬ "ለወንድ ስጪው፣ አንቺ ያደክምሻል" ቢለኝ "የጠገነው ነው የሚይዘው" አልኩት።

አንድ ቀን እየቆረጥኩ ሳለ መንገዱ ጫፍ ላይ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወደ ሰፈር ሲገቡ ሞተር ያለው ነገር አይተርፍም። መጋዙን አጠፋሁና የላዩን ክዳን ከፍቼ የጋለውን ካንዴላ በቁልፍ ነቀልኩት። በጣቴ ስይዘው ቆዳዬ ተጣበቀበት። አጠገቤ ባለው የተኪያው ምስር ጆንያ ውስጥ ከተትኩትና ክዳኑን መለስኩ።

ሁለት ናቸው የመጡት። አንደኛው መጋዙን በእግሩ ነካው።

"አሁን ሲጮህ ነበር።"

"ጮኸና ሞተ" አልኩት። የተቃጠለውን እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄያለሁ።

ገመዱን ጎተተ። ደጋገመው። ዘወር ሲል ኡስታን ሱቁ በር ላይ አየው። "አንተ፣ መካኒክ አይደለህ? ና ይህን እየው!"

ኡስታ መጣ። ገመዱን አንዴ ብቻ ጎተተ። ካንዴላ የሌለው ሞተር ሲጎተት ቀላል ነው፣ አይታገልም፤ ሙያ ያለው ሰው ወዲያው ያውቀዋል። እጁ ሲቆም አየሁ። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኔን ከዓይኑ ላይ አላነሳሁም።

"አልቆለታል" አለ። "ፒስተኑ ተበልቷል። ለብረት እንኳ አይሆንም።"

ባለመሣሪያው ተናደደና መጋዙን አንስቶ ከግድግዳ ጋር አላተመው። የፊት እጀታው ለሁለት ተሰበረ። ከዚያ ሄዱ።

ሴቶቹ ተኪያው ጥግ ላይ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ አላለቀስኩም፤ ጣቶቼን ውሃ ውስጥ ነከርኩና የተሰበረውን እጀታ ለቀምኩ። በማግስቱ ወደ ኡስታ ሄጄ "የብረት ቱቦ ትሰጠኛለህ?" አልኩት። ከአሮጌ አልጋ ላይ አንድ ቱቦ ቆርጦ አወጣ። "ላጥፍልሽ?" ቢለኝ "አንተ ያዝ፣ እኔ አጥፈዋለሁ" አልኩት። ያዘልኝ። አሸዋ ሞልተን እሳት ላይ አግለን ቀስ እያልኩ አጠፍኩት። አሸዋው ቱቦው እንዳይጨማደድ ነው፤ እሱን የነገረኝ ኡስታ ነው። በአራት ብሎን አሰርኩትና በመኪና ጎማ ላስቲክ ጠቀለልኩት። ከፋብሪካው የፕላስቲክ እጀታ ይልቅ ጠነከረ፤ ንዝረቱም ቀነሰልኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ሱቁ ፊት ሳልፍ ግን አሁን የሚጠራኝ "ያ ኡስታ" ብሎ ነው።

መንገዱ ተከፈተ፣ እንጨቱም ደረቀ። ከሌላ ሰፈር ሦስት ወንዶች መጥተው "ሙንሻሩን አውሱን፣ የሚይዘው ሰው አለን" አሉ። "መጋዙ የሚሄደው ከእኔ ጋር ነው" አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ አንዱ "ያላ፣ ነይ እንግዲህ" አለ። ሐጃ የልጇን አሮጌ ጂንስና ወፍራም ጫማ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ቀሚስ ለብሼ ስቆርጥ ሰንሰለቱ ይይዘኛል ብላ ስትፈራ ነበር። ሂጃቤን አጥብቄ አስሬ ሄድኩ፤ የወደቀባቸውንም ዛፍ ቆርጬላቸው ተመለስኩ።

በዚያ ሰሞን ኔትዎርክ በመጣበት ቀን መዳሜ ከግብፅ ደወለች። ሐጃ ደህና መሆኗን ነገርኳት። "አንቺስ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" አለችኝ።

"እንጨት ቆራጭ ነኝ" አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሰንሰለቱን ስዬ አልጨረስኩም ነበርና ስልኩን ለሐጃ ሰጥቼ ሞረዴን አነሳሁ።