እትዬ ላቀች የማሯቸው ሰዎች

ይህን ከንስሐ አባቴም ደብቄአለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ አፌ ያልደፈረውን አሁን እጄ ይድፈረው። አንተ የምታነበው፣ ስማኝ እንጂ አትዘንልኝ።

ሮም ውስጥ በቅኝ ግዛት ዘመን በእኛ ከተሞች ስም የተሰየመ ጎዳና አለ። እንደ ቅርስ ጠብቀው ጎብኚ ያዞሩበታል። እኔ እዚያ ቆሜ ለጎብኚዎቹ "የታማኝ ባንዳ የልጅ ልጅ ነኝ" እል ነበር። ውሸት! አያቴን ጣሊያን ከነጎጆው ነው ያቃጠለው። ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለፔርሜሶዬ፣ የሥራ ኮንትራቶ ያስፈልገኝ ነበር፤ ጣሊያኑ አስጎብኚ እንዲህ ካልክልኝ እፈርምልሃለሁ አለኝ፤ አያቴን ሸጥኩ።

አንድ ቀን "ከዘመዶችህ ሽማግሌ የለም?" አለኝ። ነበሩኝ። የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ላቀች፣ የዚያው የተቃጠለው ሰው ልጅ፣ ለዓይን ሕክምና ልጃቸው ዘንድ መጥተው ነበር። ነፋስ ይቀበሉ ብዬ ወሰድኳቸው። እኔ ነኝ የወሰድኳቸው።

ጎብኚዎቹ ከበቧቸው። ስለ አባታቸው ታማኝነት በጣሊያንኛ ዘባረቅሁ። አንዲት አሮጊት ጣሊያን እጃቸውን ይዛ አለቀሰች።

"ምን ሆነች፣ ልጄ?" አሉኝ።

ምን ልበል? "ስለ አባትዎ ይቅርታ እየጠየቁዎት ነው" አልኩ።

እትዬ ላቀች ሁለት እጃቸውን ዘረጉና፣ "አባቴን ከበላው እሳት እናንተን ይሰውራችሁ" አሉ።

"አሎራ፣ ታዲያ ምን አሉ?" አለ አስጎብኚው።

"አገራችን ስለ ሠራችሁት መንገድና ድልድይ ያመሰግናሉ።"

አጨበጨቡ። እሳቸው ግን ጭብጨባው አሜን መሰላቸው።

ማታ ልጃቸው ቤት ገብተው፣ "እስቲ ያን ፓስታ አምጪው" አሉ። ጣሊያን ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ምግቡን አልቀምስም ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ምለው የኖሩ ሴት ናቸው። "እማዬ፣ ምን ነካሽ ዛሬ?" እያለች ልጃቸው ሳቀች። ሹካ አያያዙን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። እኔ!

አገራቸው ገብተው ዐረፉ። ልጃቸው እስከ ዛሬ፣ "የእናቴን ቂም ያስጣልክልኝ አንተ ነህ፤ ዘርህ ይባረክ" ትለኛለች። ይህን የሚቀበል ጆሮ አይቀፍም? በሰላም ሞቱ ብለህ እንዳታጽናናኝ። ማንም ሳይጠይቃቸው ማሩ፤ ምሕረታቸውንም ለማንም አላደረስኩም። አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም።

ለልጃቸው ብነግራት እናቷን ሁለተኛ ትቀብራለች። ባልነግራት ስመረቅ እኖራለሁ። ለእሷ አስቤ ነው ዝም ያልኩት ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር። አይደለም። ምርቃቱ ጥሞኛል።