ከቪየና እስከ ኮፐንሃገን

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ ተመላልሶበታል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከጉለሌው ቤታችን ወጥቶ ጳውሎስ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ከድሮ ሹፌር ጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። ወሬያቸው መንገድ ብቻ ነው፤ ማን የትኛውን ዳገት በስንተኛ ማርሽ እንደወጣ። ስለ እኔ ሲጠይቁት ግን "አውሮፕላን ላይ ትሠራለች" ብሎ ያልፋል። ታበራለች አይልም። አብራሪ ከሆንኩ ዓመታት አልፈው እንኳ ይህቺ ቃል ከአፉ አለመውጣቷ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የሚቀጥለው በረራዬ ከቪየና ኮፐንሃገን መሆኑን ነገርኩት።

"ስንት ኪሎ ሜትር ነው?"

"ስምንት መቶ ሰባ ገደማ።"

"ጅቡቲ በይኛ! በስንት ቀን ትደርሻለሽ?"

"በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ አባዬ።"

ጉርሻውን አላምጦ እስኪውጥ ጠበቅሁት።

"እሱማ መንገድ አይባልም" አለ። "ማሽኑ ይሄዳል፣ ሰው ቁጭ ይላል።"

እናቴ ሳቀች። እኔ ሳህኔን አንስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ኮፐንሃገን የምትኖረው የአባቴ እህት ልጇን ልትድር ስትጠራው ለሠራተኛ ቤተሰብ በሚሰጠው ቲኬት እኔ ወደማበርበት በረራ አስገባሁት። እስከ ቪየና ሌሎች ያመጡታል፤ ቀድሜ ቪየና ስለምገባ ከዚያ እኔ እረከባለሁ። መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። የዳኑቤን ወንዝ ከላይ ይየው፣ መጨረሻ ላይ ባሕሩን ይየው፣ ከዚያ መንገድ አይባልም ይበለኝ አልኩ።

ቪየና ላይ ስሳፈር ዓይኑ ፍም መስሎ አገኘሁት። ከአዲስ አበባ አብራው የመጣችው አስተናጋጅ ሥራዋን አስረክባ ስትወርድ "አባትሽ እስከዚህ ዓይናቸውን አልከደኑም" አለችኝ። "እግራቸው ደግሞ ወለሉን ይረግጣል፣ ምን ሆነው ነው?"

ፍሬን ነበር የሚይዘው። ታክሲ ውስጥ እንደዚያው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ለመንፈሳዊ ጉባኤ ክፍለ ሀገር ስንሄድ፣ መዘምራኑ ሁሉ አንገታቸውን ጥለው ሲያንኮራፉ፣ እሱ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ ይረግጣል። ሌላ ሰው በያዘው መኪና እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። እንዳይጨነቅ ብዬ ትከሻውን ስሜ ወደ ቦታዬ ሄድኩ።

ማይክሮፎኑን ይዤ በአማርኛ ርቀቱንና ሰዓቱን ተናገርኩ። በረራው ሰላም ነበር። ኮፐንሃገን ላይ አውሮፕላኑን እንዲህ አለስልሼ አሳርፌው አላውቅም፤ ስለ ራሴ ብናገርም እውነት ነው።

ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ወደ ኋላ ሄድኩ። አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል። ብው አልኩ። ያን ሁሉ ላሳየው ለፍቼ አንዱንም አላየም! ወዝውዤ ቀሰቀስኩት።

"ደረስን እንዴ?" አለኝ ጫማውን እየፈለገ።

ሻንጣውን ስንጠብቅ እናቴ ደወለችና መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀችው። አባቴ ስልክ ሲያነጋግር የተሳቢ ሞተር አጠገቡ የሚጮህ ይመስል ይጮኻል፤ በዙሪያችን ያለው ፈረንጅ ሁሉ ዞሮ አየን።

"እስከ ቪየና ከበደኝ" አላት። "ከዚያ ወዲህ መሪውን ልጄ ያዘችው፤ ተኛሁ።"