ከሁምቦ የመጣችው ልጅና አሮጌው ስልኬ

ድሮ አንድ ሰው መጥቶ ስልክ ስፖርት ያስተምራል ቢለኝ ፊሽካዬን ነፍቼ ከሜዳ አባርረው ነበር። ሶዶ ውስጥ ሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል። ዕቃዬም ፊሽካዬ፣ ንፋስ የሚያመልጠው ኳስና ይህ የማያርፍ አፌ ብቻ ነበሩ። ኋላ ግን ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ልጆቹን ቁጭ ብድግ አሠርቼ ራሴ ብድግ ማለት ሲያቅተኝ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ ጓደኛዬ አዝናልኝ ስልኬ ላይ የስፖርት አፕ ጫነችልኝ።

ስልኩን የመረብ ኳሱ ብረት ላይ በገመድ አስረዋለሁ። አፑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ስትንበረከክ ክፍሉ በሙሉ አብሮ ይንበረከካል። የኋለኞቹ ስለማይታያቸው የፊተኞቹን እያዩ ይሠራሉ፤ የፊተኞቹ ሲሳሳቱ ሁሉም አብረው ይሳሳታሉ። ሴትዮዋ አንድ ነገር ባለቀ ቁጥር «ጉድ ጆብ» ትላለች። እኔ እንደሷ አመስግኜ ስለማላውቅ ልጆቹ ወደዷት፤ ቀናሁ፣ ምን ይደበቃል። እያነከስኩ ወደ ቢሮ ስሄድ ሳይቀር ከኋላዬ «ጉድ ጆብ፣ ቲቸር» ይሉኝ ጀመር።

ያን ዓመት ለትምህርት ቤቶች ውድድር በረጅም ርቀት አንዲት ልጅ ብቻ መላክ ነበረብኝ። ከዚያ በፊት የመረጥኳት ልጅ እናቷ አብራኝ በቸርች የምትዘምር ስለነበረች አዳልታለች ተብዬ ታምቻለሁ፤ ነገሩ አንገብግቦኛል። ስለዚህ «ዘንድሮ እኔ የለሁበትም፣ ስልኩ ይምረጥ» አልኩ። አፑ የተሄደውንም የተሮጠውንም ርቀት ይቆጥራል። እያንዳንዷ ልጅ ዓርብ ስልክ ይዛ ወጥታ ሰኞ ታሳየኛለች፤ ብዙ የተጓዘችው ትሄዳለች። ስልክ የሌላቸው የእኔን አሮጌ ስልክ በየሳምንቱ እየተቀባበሉ ይወስዳሉ። ትእዛዜም አንድ ነበር፤ ስልኩ ከሰውነታችሁ አይለይ።

ስልክ ከሌላቸው አንዷ ከሁምቦ መጥታ፣ ሶዶ ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ቀጭንና ዝምተኛ ናት። አንድ ቀን ተከትላኝ መጥታ «ቲቸር፣ መሮጥ እፈልጋለሁ። ውድድሩ እዚህ ስታዲየም ከሆነ እናቴ መጥታ ታየኛለች። ስሮጥ አይታኝ አታውቅም» አለችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህን ያህል ስታወራ አልሰማኋትም። ተራዋ ሲደርስ ስልኩን ሰጠኋትና «ባትሪው አርጅቷል፣ አደራ» አልኳት።

ሰኞ ጠዋት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ አቀበለችኝ። ስልኩ ዝግ ነበር። ስከፍተው ባትሪው ዓርብ እንደሰጠኋት ሙሉ ነው፤ አፑ ላይ ግን ዜሮ። ደሜ ፈላ።

«ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበት ነው የከረምሽው፣ አይደል?» አልኳት፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

«አይ ቲቸር፣ ከእኔ ጋር ነበር» አለች።

«ታዲያ ስልኩ ነው የዋሸው?»

ዝም አለች። እኛ ዘንድ ልጅ አስተማሪውን ሰው ፊት አይሞግትም። ይህን እያወቅኩ ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጥሬ ስሟን ሰረዝኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁምቦ ለቅሶ ደርሼ በሚኒባስ እመለሳለሁ። የተመረጠችውን ልጅ ስም የማስገባው በማግስቱ ነው። ሽቅቡን ስንጀምር አንዲት ልጅ ጆንያ አዝላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ትወጣለች። ፊቷ ሳይታየኝ በአረማመዷ አወቅኳት። «ወራጅ አለ» አልኩ። ሾፌሩ «እዚህ? ሶዶ ገና ነው እኮ፣ እማማ» አለኝ። እማማ ስላለኝ ሌላ ቀን ቢሆን ልኩን አሳየው ነበር። ወረድኩ።

ጆንያው ውስጥ የሳምንት ቀለቧ ነበር፤ የበቆሎ ዱቄትና ቦዬ የምንለው የሚቀቀል ሥር። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ቤተሰቦቿ ጋ ትወርዳለች፣ እሑድ ከቸርች ስትወጣ ስንቋን አዝላ ትመለሳለች። ሁልጊዜም በእግሯ።

«ባለፈው ሳምንትም እንዲህ ነው የመጣሽው?» አልኳት።

«አዎ።»

«ስልኩስ?»

ወገቧን አሳየችኝ። «እዚህ መቀነቴ ውስጥ አስሬው። አጥፍቼ። ባትሪው አርጅቷል ብለውኝ ነበር፤ የሰው ዕቃ ነው ብዬ።»

«ከጠፋ ታዲያ መሄድሽን በምን ያውቃል?»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። «አብሮኝ ሄዷል እኮ፣ ቲቸር» አለች።

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ከሰውነታችሁ አይለይ ያልኩት እኔ፣ አደራ ያልኩት እኔ፣ እንዳታጠፉት ያላልኩትም እኔ። እሷ ያልኩትን አንድም ሳታጓድል ፈጽማለች።

የቀረውን መንገድ በለቅሶ ጫማዬ አብሬያት ወጣሁ። ጆንያውን ላግዝሽ ብላት እሺ አላለችም፤ ጉልበቴን ታውቀዋለች። እየቀደመችኝ በየመታጠፊያው ቆማ ትጠብቀኛለች። አንዱ ጋ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ጠጋ ብላ፣ ቀስ ባለ ድምፅ «ጉድ ጆብ፣ ቲቸር» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ላብ አስመስዬ ጠረግኩት።

ሰኞ ክፍሉን ሜዳ ላይ ሰበሰብኩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና እሷን ይቅርታ ጠየቅኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ የሚገቡበት ጠፋቸው። ከዚያ ልጃገረዶቹን አሰልፌ፣ ያለ ስልክ፣ ሜዳውን አሥር ዙር አስሮጥኩ። ሌሎቹ የመጨረሻውን ዙር ሲጀምሩ እሷ ጨርሳ፣ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ያን ቀን ስሟን ሳስገባ ማንም አላማኝም።

የውድድሩ ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ከእናቷ ጎን ተቀመጥኩ። እናቷ ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘው በወላይትኛ «የቷ ናት?» ይሉኛል፤ ልጃቸውን ከዚያ ሁሉ ሯጭ መሀል መለየት አቅቷቸው። አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ እጄን ይዘው እስኪያልቅ አልለቀቁትም። ሦስተኛ ወጣች።

በማግስቱ የሒሳብ አስተማሪዋ መምህራን ክፍል ውስጥ ተቆጣችኝ። «ስንት ጊዜ ደወልኩልሽ፣ ስልክሽ ዝግ ነው ይላል» አለችኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩና ያቺን ልጅቷ የጠቀለለችበትን ጨርቅ አወጣሁ፤ ስልኬ እዚያ ውስጥ፣ ስታዲየም ስገባ እንዳጠፋሁት ነው።

«እሺ፣ በስንት ደቂቃ ገባች?» አለች፣ ወረቀትና እስክሪብቶ እየሳበች።

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት። «እሷን ሳይ ነበር።»